ሚስማር ላይ የቀረው ቅርጫት

ዋጅዲ በዚያ ቀን ቀትር ላይ የት ነበር?

ሃጃ ሞንጂያ መልሱን አያውቁም። ልጁን እንዳይጠይቁት ደግሞ የሚላቸውን ፈሩ። ስለዚህ ፖሊሶቹ ሲመጡ፣ ገና ማንም ሳይጠይቃቸው፣ «የልጅ ልጄ ከእኔ ጋር ምሳ እየበላ ነበር» አሉ። ካሉት በኋላ ቢጸጸቱም፣ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

የሞተው አማቻቸው ዙሄር ነው፤ የሟች ልጃቸው ባል፣ የዋጅዲ አባት። እዚሁ በቱኒዚያዋ ስፋክስ ከተማ፣ በሃጃ ቤት ምድር ቤት፣ የሞተር ሳይክል ጋራዥ ነበረው። ከቀትር ሶላት የተመለሰው ተቀጣሪው ሜካኒክ ላሳድ ነው ያገኘው። በሳሙና ውሃ በራሰው ወለል ላይ በግንባሩ ተደፍቷል። አጠገቡ የካርቡሬተር ማጠቢያዋ ማሽን እያፏጨች ነበር፤ ገንዳዋ ውስጥም አንድ ካርቡሬተር አለ። ሁሉም «አዳልጦት የብረት ማሰሪያው ሞርሳ ላይ ወደቀ» አሉ። ሐኪሙ ግን የተመታው ማጅራቱን ነው አለ፤ በግንባሩ የወደቀን ሰው ሞርሳ ማጅራቱን አይመታውም።

አባትና ልጅ ደግሞ በዋዜማው ሰፈር እስኪሰማ ተጣልተው ነበር። ዋጅዲ በጀልባ ወደ ጣሊያን ልሻገር ይላል፤ አባቱ «ሬሳህን ከዓሣ አፍ አለቅምም!» ብሎ ጫማውን ሁሉ ደበቀበት።

በማግስቱ መርማሪ ነዚሃ መጣች። ጉልበቷን የሚያማት ወፍራም ሴት ናት፤ የሱፍ ፍሬ እየፈለቀቀች ልጣጩን ኪሷ ትከታለች።

«ምሳው ምን ነበር ሃጃ?»

«ኩስኩስ በዓሣ፣ ልጄ።»

«ዋጅዲ ግን ሳንድዊች በላሁ ነው ያለኝ።»

ሃጃ የሻሻቸውን ጫፍ ጠመዘዙ። «ይረሳል እኮ። ወይ ደርቦበት ይሆናል። ከስቷል፣ አላየሽውም?»

«አየሁት» አለች ነዚሃ። አንድ ልጣጭ ኪሷ ከትታ ተነሣች።

ወደ ጋራዡ ስትወርድ ተከተሏት። ብቻዋን ቢተዋት ምን እንደምታገኝ ማን ያውቃል? ላሳድ የተገለበጠ በርሜል ላይ ተቀምጧል፤ ፂሙ ሸብቷል፣ ጥፍሩ ሥር የገባው ጥቁር ቅባት የዕድሜ ልክ ነው።

«ይቺ ማሽን እንዴት ነው የምትሠራው?»

«እኔን አትጠይቂኝ። ውሃና ሳሙና ይሞሏታል፣ ውሃውን እያንቀጠቀጠች እድፉን ታራግፋለች አሉ። እኔ የማውቀው ቤንዚንና ብሩሽ ነው። ካርቡሬተርን እንደ አራስ ልጅ ገላውን ሲያጥቡት ሳይ ያስቀኛል።»

«ነክተዋት አያውቁም?»

«በጣቴም!»

«ለሶላት ሲወጡ ዙሄር ምን ያደርግ ነበር?»

«ካርቡሬተሩን ገንዳው ውስጥ ከተተና ማሽኗን አስነሣት። በዓይኔ አይቻለሁ። ‹ለእኔም ዱዓ አድርግልኝ› አለኝ።»

ነዚሃ ገንዳው ላይ አጎነበሰች። ማሽኗ ትናንት ከተዘጋች ወዲህ ማንም አልነካትም። ካርቡሬተሩ የገንዳው ወለል ላይ ተኝቷል። ውሃው ላይ ቀስተ ደመና የመሰለ ቅባት ተንሳፍፏል፤ አሸተተችው። ቀና ስትል ግድግዳው ላይ፣ ከሚስማር የተንጠለጠለ የሽቦ ቅርጫት አየች።

«ዋጅዲ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

ዋጅዲ በሩን ተደግፎ ቆሟል። «የማሽኗ ቅርጫት። ዕቃው በእሱ ነው ውሃው ውስጥ የሚንጠለጠለው። ወለሉን ከነካ ማሽኗ ትበላሻለች። አንዴ ብረሳው አባቴ በጥፊ አጮለኝ።»

ሃጃ ዓይናቸውን ጨፈኑ። አሁን ጥፊውን ምን አስወራው?

ከቀብሩ በኋላ ነዚሃ ሁሉንም በሃጃ ሳሎን ሰበሰበቻቸው፤ ላሳድን፣ ዋጅዲን፣ ጎረቤታቸውን ዓሣ ሻጩን ሐማዲን። ሐማዲ ሰው ያሻግራል እየተባለ ይታማል፤ ዙሄርም በልጁ ምክንያት ዝቶበት ነበር። በሩ ላይ ፖሊስ ቆሟል። ሃጃ ከዋጅዲ ፊት ዓይናቸውን መንቀል አቃታቸው። ዛሬ ይወስዱብኛል አሉ በሆዳቸው።

«ዙሄርን ሰው ነው የመታው» አለች ነዚሃ። «ከዚያ ሥራ ላይ ሳለ የወደቀ እንዲመስል ማሽኗን አስነሣ። ችኮላ ላይ ነበር፤ በእጁ የገባውን ካርቡሬተር ገንዳው ውስጥ ጨመረ። ቅርጫቱን ግን ሚስማሩ ላይ ተወው። ዙሄር ለዚህ ጥፋት የገዛ ልጁን የመታ ሰው ነው። እሱ አልከተተውም።»

«ሰው ይረሳል» አለ ላሳድ።

«ይረሳል። ግን ካርቡሬተሩን አውጥቼ አየሁት። እያንዳንዱ ቀዳዳ ተፈትጎ ጸድቷል፤ አንዱ ውስጥ የብሩሽ ፀጉር ተሰክቷል። ውሃው ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። የታጠበ ዕቃ ማን ያጥባል? ዙሄር በምትሞቅ ገንዳ አጠገብ ቤንዚን አያስደርስም፤ እሳት ይነሣል። በዚህ ቤት በቤንዚንና በብሩሽ የሚያጥበው አንድ ሰው ነው። ያ ሰው ዙሄር ሲከተው በዓይኔ አየሁ ብሎኛል።»

ላሳድ እጆቹን ጉልበቱ ላይ ገልብጦ ተመለከታቸው።

«ደንበኛ ፊት ነው ያለኝ» አለ። «‹ብሩሽህን ሰብስብና ሂድ፣ ከእንግዲህ ማሽኗ ትበቃኛለች› አለኝ። ደንበኛውም ሳቀ። ደንበኛው ሲሄድ እየቀለደ መስሎኝ ጠየቅኩት። ቀልድ አልነበረም። ዞሮ ሥራውን ቀጠለ... መዶሻው እጄ ላይ ነበር። ዋጅዲ፣ አንተን እኔ ነኝ ብሎን መፍታት ያስተማርኩህ።»

ፖሊሱ ላሳድን ይዞት ወረደ።

«ልጁስ?» አሉ ሃጃ። «ልጁ ነጻ ነው አይደል?»

«ሐማዲ፣ ትናንት የነገርከኝን ድገመው።»

«በአላህ፣ ጣጣ ውስጥ አትክተቱኝ» አለ ሐማዲ። «ቀትር ላይ ባሕሩ ዳርቻ ከእኔ ጋር ነበር። ሳንድዊች ገዛሁለት። ውሰደኝ ብሎ ለመነኝ፤ አባትህ ያርደኛል አልኩት። ለማንም እንዳይናገር ያስማልኩትም እኔ ነኝ።»

ነዚሃ ወደ ሃጃ ዞረች። «ከሁሉ ይበልጥ እንድጠረጥረው ያደረገኝ የእርስዎ ምሳ ነው፣ ሃጃ። ዝም ቢሉ ኖሮ በመጀመሪያው ቀን እተወው ነበር።»

«ግን እማማ» አለ ሐማዲ ግራ ተጋብቶ፣ «የት እንደነበር ካላወቁ ለምን ዋሹለት?»

ዋጅዲ ቀስ ብሎ ቀና አለ። አያቱን አያቸው፤ ፊቱ ላይ ነገሩ አንድ በአንድ ሲገባው ሃጃ አዩ። አስከሬኑ ሲታጠብ በር ላይ ሆነው የእሱን የዋጅዲን እጅ ሲያዩ፣ ለቅሶ ላይ ከሰው ሲነጥሉት፣ ማታ ማታ ጸጉሩን ሲዳብሱት፣ ያኔ ሁሉ አባቱን የገደለ መስሏቸው ነበር።

«የእኔ ዓለም» አሉ ሃጃ። «ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልቀመስክም። ላሙቅልህ?»

ነዚሃ መስኮቱን ማየት ጀመረች። ሐማዲም ቆቡን አነሣ፣ መልሶ አስቀመጠው።

«ትንሽ ብቻ። ሾርባ ነው፣ ይወርድልሃል።»

ዋጅዲ ተነሣ። ጃኬቱን ከወንበሩ ላይ አነሣ፤ አያቱ የዘረጉትን እጅ በጥንቃቄ፣ እንደማይነካ ዕቃ፣ አለፈው። ደረጃውን ወረደና ወደ ባሕሩ በሚወስደው መንገድ ታጠፈ።