ያልተሞከረው ማጫወቻ

መርፌው ዘለለ። ዘፋኟ የጀመረችውን ስንኝ ሳትጨርስ ወደሚቀጥለው ተሻገረች፤ ትንሽ ሄዳ ደግሞ ዘለለች። አቶ ጀብሪል መከዳውን እንደተደገፉ ጆሯቸውን ወደ ሸክላ ማጫወቻው አዞሩ።

«ሀስና፣ ይሄም እንደ በፊቱ ሆነ እንዴ?»

ሀስና መርፌውን አነሳች። ቀይ ሻንጣ የሚመስለው አዲሱ ማጫወቻ ቤት ከገባ ገና አራት ቀኑ ነው። የበፊቱም ይዘል ስለነበር መርፌው ላይ አሥር ሳንቲም በፕላስተር ለጥፈውበት ነበር። ሳንቲሙ መዝለሉን አስታግሶ ሸክላዎቹን ይፍቅ ጀመር። አባቷ ሾፌር በነበሩበት ዘመን ከየከተማው የለቃቀሟቸው አርባ ምናምን ሸክላዎች፣ በተለይ አምባሰሎቹ፣ ድምፃቸው እየሻከረ ሄደ። ስኳር አብዛኛውን የዓይናቸውን ብርሃን ስለወሰደው አሁን ማታ ማታ ቴሌቪዥን የሚባል ነገር የለም። ያላቸው ደስታ እነዚያ ሸክላዎች ናቸው። አምፕሊፋየሩና ሁለቱ የእንጨት ስፒከሮች ደህና ስለሆኑ ማጫወቻውን ብቻ ለመቀየር ተወሰነ። መራጯም ሀስና ሆነች።

ምርጫው የተካሄደው ወልድያ፣ የብሌን ወንድም ሮቤል የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ውስጥ ነበር። ብሌን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ የሀስና ጓደኛ ናት፤ መርሳ ከተማ ቤታቸውም አጎራባች ነው። ሮቤል ሁለት ማጫወቻ አስቀምጦ፣ ለአቶ ጀብሪል ስለሆነ ዋጋው አንድ ነው፣ የወደድሽውን ውሰጂ ብሏት ስልክ ሊያነጋግር ወጣ። አንደኛው ይሄ ቀዩ ሻንጣ ነው፤ ቀላል፣ የራሱ ትንንሽ ስፒከር ያለው። ሁለተኛው አቧራ የጠጣ፣ ለማንሳት ሁለት እጅ የሚፈልግ የእንጨት ማጫወቻ ነው። ከመርፌው ክንድ ጀርባ የምትዞር ክብደት አለችው፤ እሷን እያዞሩ መርፌውን ማክበድም ማቅለልም ይቻላል። የሀስና ልብ ወደዚህኛው ሄደ። ቀዩን ለአፍታ የሞከረችበትን፣ በሻሽ ጠቅልላ ያመጣችውን ሸክላ ይሄኛውንም ልትሞክርበት ከቦርሳዋ ደግማ ስታወጣ ብሌን እጇን ያዘቻት።

«ተዪው ባክሽ፣ ሞተሩ አልቆለታል። ዘፈኑን ሁሉ ነው የሚጎትተው።»

«አንዴ ልየው እስቲ።»

«ማርያምን ስልሽ!»

ሀስና ሸክላውን መልሳ ጠቀለለችው። በሁለቱ መካከል አንዷ ወላሂ፣ አንዷ ማርያምን ካለች ነገሩ አበቃ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ መሞከር፣ ጓደኛን ፊት ለፊት ውሸታም ነሽ ከማለት አይለይም። ስለዚህ ቀዩን ይዛ ተመለሰች። አባቷ «ሁለቱንም ሞክረሻቸዋል?» ሲሏት ደግሞ ዓይኗን ሳታሽ «አዎ» አለች። የብሌን መሐላ ከሙከራ በላይ እንጂ በታች አልመሰላትም ነበር።

ዓርብ ከትምህርት ቤት እንደወጣች ሮቤልን ሌላ መርፌ ልትጠይቅ በሚኒባስ ወልድያ ሄደች። ሱቁ ጋ ስትደርስ ከጎን ካለው ክፍል የማሲንቆ ድምፅ ይወጣል። አይንኮሻኮሽም፣ አይጎተትም። ክፍሉ ሮቤል እሑድ ሊከፍተው የሚያዘጋጀው ካፌ ነው። መደርደሪያው ላይ፣ አቧራው ተወልውሎ፣ ያ ከባዱ ማጫወቻ ይዞራል።

ሮቤል ምንም የሚያውቀው ነገር ስላልነበረ በደስታ ተቀበላት። ብሌን፣ አቶ ጀብሪል ለዓይናቸው እንዲቀላቸው ትንሹን መርጠዋል ብላ እንደነገረችው፣ ይሄኛውን ለካፌው ያስቀረችውም እሷ እንደሆነች፣ ቅዳሜና እሑድ ሙዚቃ የምትመርጠውም እሷው እንደምትሆን አጫወታት። ሀስና የመጣችበትን ጉዳይ እንኳ ሳትነግረው ወጣች።

ሚኒባሱ ውስጥ መስኮት ጥግ ተቀምጣ ፊቷን ወደ ውጭ አዞረች። ንዴት ብቻ ቢሆን ይሻላት ነበር። የማጫወቻው ነገር አንድ ነው፤ እሷን ያንገበገባት ግን ያ «ማርያምን» ነው። ስምንት ዓመት ሙሉ ብሌን ስትምልላት የሰማችውን ሁሉ አንድ በአንድ ታስታውስ ጀመር፤ የጠፋውን እስክሪብቶ፣ እኔ አላወራሁም ያለችውን ወሬ፣ ሌላም ሌላም። የቱ እውነት እንደነበር፣ የቱ እንዳልነበር አሁን በምን ታውቃለች? መርሳ እስክትደርስ እንባዋን በእጅጌዋ ስትጠርግ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ብሌን ፌስታል አንጠልጥላ መጣች። ሀስናን ጉንጯን ሳመችና አቶ ጀብሪል አጠገብ ተቀመጠች። ወንድሟ እሑድ ካፌ ሊከፍት እንደሆነ፣ ማጫወቻ እንዳለው፣ ከአንድ ሸክላ በቀር ግን እንደሌለው ነገረቻቸው።

«ጋሼ፣ አምስት ስድስት ብቻ ቢያውሱን። ሰኞ ራሴ እመልስልዎታለሁ፣ ማርያምን።»

አቶ ጀብሪል ፊታቸው በራ። ከዚህ ቤት የሚዋስ ዕቃ ጠይቆ ባዶ እጁን የሄደ ጎረቤት የለም።

«ውሰጂ ልጄ፣ ሰው ሲሰማቸው ነው የሚያምረው። ሀስና፣ አምባሰሎቹን አምጪላት።»

ሀስና ተነስታ መደርደሪያው ፊት ቆመች። ሸክላዎቹን ብትሰጣት ነገሩ ተዳፍኖ ይቀራል፤ አባቷም ብሌንን እንደ ልጃቸው እንዳዩ ይኖራሉ። ብትናገር ደግሞ መጀመሪያ የሚወጣው የራሷ «አዎ» ነው። ዓይናቸው ያላየውን እንድታይላቸው ልከዋት እሷም ዋሽታቸዋለች። ይሄ ከብሌን ውሸት ያነሰ አልመስል አላት። እጇን ወደ ሸክላዎቹ ዘረጋች፣ መልሳ አወረደችው። ከዚያ ባዶ እጇን መጥታ አባቷ እግር ሥር ተቀመጠች።

«አባባ፣ ሁለቱንም ሞክሬያቸዋለሁ ያልኩዎት ውሸቴን ነው። ትልቁን አልሞከርኩትም።»

አቶ ጀብሪል ድምፅዋ ወደመጣበት ዞሩ። አልተቆጡም፤ ግራ ነው የገባቸው።

«ለምን ልጄ?»

«ለምን እንደሆነ ብሌን ትንገርዎት።»

የብሌን እጅ ፌስታሉን ጨመደደው። ቀና ብላ ሀስናን አየቻት፤ ክፍል ውስጥ መምህሩ ድንገት ሲጠይቋት መልሱን ሹክ እንድትላት የምታያትን አስተያየት። ሀስና አስተያየቷን አወቀችው። ከንፈሯን ገጥማ፣ ከአባቷ ጋር መልሱን ጠበቀች።