ቢጫ የለበሰው ቺዝ

ሟቿ ከወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ሥር በጎኗ ወድቃለች። ፊቷ አባብጧል፤ ጣቶቿ አንገቷን እንደያዙ ቀርተዋል። ጠረጴዛው ላይ ባለ ሳህን ግማሽ ዳቦና የተገመሰ ቺዝ አለ። ወተት ከልጅነቷ ጀምሮ ጠላቷ ነበር፤ ጠብታው እንኳ ጉሮሮዋን ይዘጋዋል። ለዚህም ነው ታናሽ እህቷ ወተት ያልነካው ቺዝ ካሹ ከሚባለው የለውዝ ዓይነት እየሠራች ታበላት የነበረው።

ታናሽየዋ በሩን ተደግፋ ስታለቅስ እናቷ ከሌላ ሰፈር ተጠርታ ደረሰች። የመጣችው ግን ልታቅፋት አልነበረም።

«በእጅሽ ነው የሞተችው» አለቻት።

የሟች ባል፣ ዳቦ ጋጋሪው፣ አማቱን በክንዱ ደገፋት። «እማማ፣ ይበቃዎታል። ሆን ብላ ላይሆን ይችላል» አለ። እንዲህ ያለው መከላከል ከክስ ይብሳል።

ከፖሊስ የመጣችው መርማሪ አጭር፣ ነገረኛ ዐይን ያላት ሴትዮ ናት። ቺዙን በቢላ ሰንጥቃ አየችው፤ ላዩ ቢጫ፣ ውስጡ ነጭ ነው። ታናሽየዋን ጠራቻት።

«እኔ ከምግብ የማውቀው መብላቱን ነው። ይሄ ቢጫ ነገር ምንድን ነው?»

«እርሾ ነው። ግን በሙቀት የተገደለ ነው፤ አያቦካም። የቺዝ ጣዕምና መልክ ለመስጠት ከካሹው ጋር እፈጨዋለሁ።»

«ዛሬ ሠርተሻል?»

«የሠራሁት ትናንት ነው። ፍሪጅ ውስጥ አለ፤ ማንም አልነካውም። ይሄኛውን አላውቀውም።»

መርማሪዋ ወደ ሳሎን ተሻገረች። ዳቦ ጋጋሪው አማቱ አጠገብ ተቀምጧል።

«ቺዙን ማን ሠራው?»

«ታናሽ እህቷ ናት። ዛሬ ጠዋት፣ አጠገቧ ቆሜ እያወራን።»

«እንዴት አድርጋ ሠራችው?»

«እርሾውን ለብ ባለ ውሃ በጠበጠችው። አረፋ አውጥቶ ሲነሳ ነጭ ነገር ጨመረችበት። የካሹ መስሎኝ ዝም አልኩ።»

መርማሪዋን ተከትላ የመጣችው ታናሽየዋ ክው አለች። አባቷ የሞቱ ጊዜ አቅፎ ያባበላት፣ «እህት ዓለም» እያለ የሚጠራት ሰው ነው። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ።

«ውሸት ነው» አለች።

«ዝም በይ» አለች እናቷ።

ከሰዓት በኋላ መርማሪዋ ሁሉንም ወጥ ቤት ሰበሰበቻቸው። ከሟች ሳህን አንድ ቁራጭ፣ ከፍሪጁ ደግሞ ሌላ ቁራጭ መጥበሻ ላይ ጣደች። የሳህኑ ቀልጦ እንደ ክር ተሳበ። የፍሪጁ ጠቆር ከማለት በቀር እንደ ነበረ ቀረ።

«የሚሳበው የላም ወተት ቺዝ ነው» አለች። «የልጅቷ እስከ ውስጡ ቢጫ ነው። ይሄ ግን እርሾው ላዩ ላይ ብቻ ተነስንሶበታል። ሟች መልኩንና ሽታውን አምና ጎረሰች።»

«ታዲያ ከእሷ ሌላ ማን ያውቅበታል?» አለች እናት።

«የሚያውቅበት ሰውማ እንዲህ አይሠራውም፤ ወተቱን አብሮ ይፈጨው ነበር።» ወደ ዳቦ ጋጋሪው ዞረች። «አንተ እርሾው ሲነሳ አየሁ አልክ። የሞተ እርሾ ዓመት ቢጠብቁት አይነሳም። ዕድሜህን ሙሉ ዳቦ ስለጋገርክ እርሾ ሁሉ የሚነሳ መሰለህ። ያላየኸውን ከገዛ ሥራህ ቀድተህ ነገርከኝ። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።»

«ተሳስቼ ይሆናል።»

«መሳሳትህን ላጣራ ብዬ ነው ዳቦ ቤትህን ያስፈተሽኩት።»

አንድ ፖሊስ ከዳቦ ቤቱ ፍሪጅ የተገኘ ትልቅ ቺዝ ይዞ ገባ። ጫፉ ተቆርጧል። መርማሪዋ በሳህኑ የተረፈውን አስጠጋችው፤ የቢላው ጠማማ አቆራረጥ ልክክ ብሎ ገጠመ።

ዳቦ ጋጋሪው አንገቱን ደፋ። «ሌላ ሴት እንዳለችኝ ደረሰችበት። ከቤቴ ውጣ አለችኝ።»

«እኔንስ ለምን?» አለች ታናሽየዋ።

«ቺዙን የምትሠሪው አንቺ ነሻ» አለ፣ ቀና ብሎ ሳያያት።

ይዘውት ወጡ። እናት ሁለት እጆቿን ዘርግታ መጣች። «ልጄ» አለች።

ታናሽየዋ ወደኋላ ሸሸች። «እሱስ ባዳ ነው፣ እማዬ። አንቺ ግን ወልደሽኛል። አድርገሻል ወይ ብለሽ እንኳ ሳትጠይቂኝ ፈረድሽብኝ።»

ታናሽየዋ ነጠላ ጫማዋን አጥልቃ፣ እህቷን ወደጫነው መኪና ብቻዋን ሄደች።