አራተኛው ወረቀት

ወረቀት በእጃችሁ የሚያልፍ ሁሉ፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። ልምከራችሁ ብዬ አይደለም፤ ለመምከር ፊቱም የለኝም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በታይፒስትነት ሠርቻለሁ፤ የደከመው ግን ጣቴ ብቻ አይደለም።

በ1976 ዓ.ም. ጉለሌ ውስጥ በአንዲት ጤና ጣቢያ እሠራ ነበር። ጠረጴዛዬ ላይ ሁለት የጽሕፈት መኪናዎች ነበሩ፤ አንዱ የአማርኛ፣ አንዱ የእንግሊዝኛ። የሕመምተኛ ደብዳቤ በአማርኛ ይጻፋል፤ የመድኃኒት ስም ግን በእንግሊዝኛ ፊደል እንዲሆን ታዟል። ስለዚህ በአማርኛው መኪና ስጽፍ ለመድኃኒቱ ስም ባዶ ቦታ እተዋለሁ፤ ከዚያ ወረቀቱን ከነካርቦኑ አውጥቼ እንግሊዝኛው መኪና ውስጥ አስገባና ክፍተቱን እሞላለሁ። አራት ወረቀት፣ በየመካከላቸው ግልባጭ የሚያወጣ ሦስት ካርቦን። የላይኛው ሁልጊዜ ያምራል። የታችኞቹ ግን ሲወጡና ሲገቡ ይንሸራተታሉ። የእንግሊዝኛው ፊደል ክፍተቱን ስቶ አማርኛው ላይ ያርፍና፣ ሁለቱ ተደራርበው የማንም ቋንቋ ያልሆነ ጥቁር ነገር ይሆናሉ።

ማስተካከያው ቀላል ነበር። እያንዳንዱን ግልባጭ ከዋናው ጋር አመሳክሮ፣ የተበላሸውን ሰርዞ በእስክሪብቶ መጻፍ ነው። ሦስት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ስቀጠር አሳይተውኛል፤ ሁለት ዓመት ያህልም ሠርቼበታለሁ። ከዚያ ሰለቸኝና አብዛኛውን ጊዜ ተውኩት።

ሌላም ልማድ ነበረን። ዋናው ለበላይ መሥሪያ ቤት ይላካል፤ ሁለተኛው ለአስተዳዳሪው፣ ሦስተኛው ለመዝገብ ቤት። አራተኛው፣ ያ የደበዘዘው፣ ለሕመምተኛው ይሰጣል። የበላይ አካል እንዳይከፋው እንጠነቀቃለን፤ በወረቀቱ የሚታከመው ሰው ግን የተረፈውን ይወስዳል። ነውር ነው ያለ አንድም ሰው አልነበረም።

አንድ ሰኞ ጀዊሪያ የምትባል የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ደብዳቤ ልትወስድ መጣች። ባሏ ሸፊ አዲሱ ገበያ ሱቅ አለው። እስክትወልድ ሸጎሌ እህቷ ቤት ልትሰነብት ነው። ቀደም ሲል እኛ ዘንድ ፔኒሲሊን ተወግታ ራሷን ስታ ስለነበር፣ ጤና መኮንኑ ይህ መድኃኒት ፈጽሞ እንዳይሰጣት ለሸጎሌው ክሊኒክ እንድጽፍ አዘዘኝ።

ጽፌ ሳበቃ አስተዳዳሪያችን ጓድ ግዛቸው በሩ ላይ ቆመ።

«ብርቅነሽ፣ ገና ነሽ እንዴ? የፖለቲካ ውይይቱ ሊጀመር ነው፤ ስም ይጠራል።»

«ግልባጮቹን ላርም እንጂ። የመጨረሻው አይነበብም።»

«ዋናው ይነበባል አይደል? በቃ። ግልባጭ ማን ያነባል?»

እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። ደክሞኝ ነበር፤ እሱ ደግሞ ከኃላፊነት ነጻ ያወጣኝ መሰለኝ። ማኅተሙን መትቼ አራተኛውን ለጀዊሪያ ሰጠኋት።

«እትዬ፣ የማይስማማኝ መርፌ እዚህ ላይ ተጽፏል?» አለችኝ።

«ሁሉም አለ። እሱን ማሳየት ብቻ ነው» አልኳት።

ከወር በኋላ ሸፊ ብቻውን መጣ። ወረቀቱን አጣጥፎ በደረት ኪሱ ይዞታል።

«ትኩሳት ይዟት ክሊኒክ ወሰድኳት» አለ ቀስ ብሎ። «እያስለፈለፋት ነበር፤ ራሷ መናገር አልቻለችም። የማይስማማትን መርፌ ስሙን አላውቀውም፣ ሁሉም ወረቀቱ ላይ አለ አልኩት መርፌ ወጊውን ድሬሰር፤ አንቺ እንደዚያ ብለሻት ነበርና። ወደ መስኮቱ ይዞ ሞከረ። ይቺ መስመር አልታይ አለችኝ አለ። እኔም ተቀብዬ ሞከርኩ። ትኩሳቱ አጣደፈንና ለካ ያንኑ የማይስማማትን ወጋት።» ወረቀቱን ከኪሱ አወጣ። «እሷን አላህ አተረፈልኝ። ልጁ ግን ሆዷ ውስጥ ሞተ።»

ከዚያ ወረቀቱን ዘርግቶ ፊቴ አኖረው።

«እህቴ፣ እስቲ አንብቢልኝ።»

አነሳሁት። አራቅሁት፤ አቀረብኩት። ራሴ የጻፍኩትን ማንበብ አቃተኝ።

«ላንቺም አይነበብም?» አለኝ። «እኔ እኮ መሠረተ ትምህርት ከጨረስኩ ገና አራት ወሬ ነው። በደንብ ስላልተማርኩ ነው ያላነበብኩት ብዬ፣ ልጄን የገደልኩት እኔ ነኝ እያልኩ ከረምኩ።»

ቢጮህብኝ፣ ቢሰድበኝ በወደድኩ። ወረቀቱን ብቻ አጣጥፎ ወጣ። ጓድ ግዛቸው በሩ ላይ ቆሞ ሰምቷል፤ ግልባጭ ማን ያነባል አላለም።

ከዚያን ቀን ወዲህ ሳላርም ያሳለፍኩት ወረቀት የለም። ዋናውንም ለባለጉዳዩ እሰጣለሁ፤ የበላይ መሥሪያ ቤት አራተኛውን ያንብብ። ከውይይቱ ደጋግሜ በመቅረቴ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ። እሱንም ራሴ ጻፍኩት፤ አራቱም ወረቀት ይነበባል።

ወገኖቼ፣ የምንሠራው ለማን እንደሆነ የምንረሳው በክፋት አይደለም፤ በድካም ነው። ድካማችን ግን ለሌላው ሰው ሐዘን ይሆንበታል።

በዓመቱ ጀዊሪያ እንደገና ነፍሰ ጡር ሆና መጣች። ደብዳቤዋን ጽፌ ዋናውን ዘረጋሁላት። እጇን አልሰነዘረችም።

«መጀመሪያ ያንብቡልኝ» አለች።

ከላይ እስከ ታች አነበብኩላት።

«የመርፌዋን ይድገሙልኝ።»

ደገምኩላት። ከዚያ ተቀበለችኝ።