ጮቄ ላይ ቢንቢ የለም

ጉማሬዋ ከሣሩ ወጥታ ወደ ውኃው ስትወርድ የብርጓል ትንፋሿን ዋጠች።

ብርሃኑ ገና አልደረሰም። ከዓባይ ማዶ ካለው ገደል ጫፉ ብቻ ቀልቷል፤ ከሥር ወንዙ አመድ መስሏል። አሁን ብታነሣ ጭጋግ እንጂ ፎቶ አታገኝም። ፍላሽ ደግሞ አይታሰብም። ጉማሬዎቹ ይደነብራሉ፤ እሷም ትጋለጣለች።

በደረቷ ተኝታ ረጅሙን ሌንስ ድንጋይ ላይ አስደግፋለች። የአገሬው ሰው የሚያውቃት የዱር አራዊት ፎቶ የምታነሣ የአዲስ አበባ ሴት ሆና ነው። የላካት የደኅንነት መሥሪያ ቤት ግን በምሥጢር ስሟ «ሰስ» ይላታል። በዚህ ሸለቆ የጉማሬ ጥርስ ይወጣል፣ በምትኩ ጥይት ይገባል። ባለፈው ክረምት ይህንኑ ሊያጣራ የመጣ ባልደረባዋ ሬሳው ከወንዙ ወጥቷል። ጥርሱን የሚረከበውን ሰው መልኩን ያየ የለም።

ከጀርባዋ አንሙት ተቀምጧል። ዱሮ አዳኝ ነበር፤ አሁን መንገድ መሪዋ ነው። አታምነውም። ጉማሬ የት እንደሚያድር የሚያውቅ ሰው የት እንደሚገደልም አያጣውም ብላ ታስባለች። ጥርጣሬዋንም ደብረ ማርቆስ ላለው አገናኟ ነግራዋለች። እንዳላማው ይባላል። ከተማው ውስጥ ፎቶ ቤት አለው፤ የምሥጢር ስሙ «ቆቅ» ነው። ከአዲስ አበባ ጋር የሚያገናኛት እሱ ብቻ ነው።

እንዳላማው ሰምቷት ሲያበቃ፣ በዚህ ሳምንት ዓባይ ላይ ምንም ነገር የለም፣ ጮቄ ተራራ ውጪና አንሺ አላት። ቀጥሎም ደገመው። ሊሸኛት ሲወጣ በር ላይ እንደገና አነሣው።

መደጋገሙ አላማራትም። ጮቄ ወጥታ አንድ ፊልም አነሣችና ሳትነግረው ወደ ዓባይ በረሃ ወረደች።

«አትቸኩይ እህትዓለም» አለ አንሙት በሹክሹክታ። «ፀሐይዋ ያንን ቋጥኝ ስትነካው ሁሉም ወለል ይልልሻል።»

ፀሐይዋ ቋጥኙን ነካችው።

የጉማሬዋ እርጥብ ጀርባ እንደ መዳብ አበራ። የብርጓል አነሣች። ደገመች። ጉማሬዋ በድንገት ጆሮዋን አቆመች። የምታየው ወደ ዳርቻው ነበር።

ሰው አለ።

ከቁጥቋጦው አህያ የሚነዱ ሰዎች ወጡና ጆንያ አወረዱ። ባርኔጣ ያደረገ አንድ ሰው ከወዲያ መጥቶ ከጆንያው ቆልማማ ጥርስ አወጣ። በእጁ መዘነው። ከዚያ ባርኔጣውን አውልቆ ላቡን ጠረገ። ብርሃኑ ፊቱ ላይ አረፈ።

እንዳላማው ነበር።

ጣቷ በራሱ ጊዜ ቁልፉን ተጫነ። አንድ ፎቶ። ሌላ። እስከዛሬ የላከችው ሁሉ ያለፈው በዚህ ሰው እጅ ነው። የሟቹ ባልደረባዋም መልእክት እንዲሁ።

አንሙትም አይቷል። ፀሐይዋ ወደእኛ ሳትዞር እንውጣ፣ የሌንሱ መስተዋት ካብረቀረቀ ያዩናል አላት። የፎቶ መሣሪያዋን ተሸክሞላት ዳገቱን ወጣ። እሷ ግን ለምን ይረዳኛል እያለች ከኋላ ከኋላው ሄደች።

አምበር ከተማ ሲደርሱ ተለያዩ። እሱ ወደ ቤቱ፣ እሷ ወደ ስልክ ቤት። አዲስ አበባ ያለው አለቃዋ ታዲዮስ ራሱ አነሣው።

«ቆቃችን ጭልፊት ነው» አለችው።

ታዲዮስ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«መልኩን ይዘሻል?»

«በጠራ ብርሃን።»

ታዲዮስ ሰዎቹ ነገ ረፋዱ ላይ ማርቆስ እንደሚገቡ ነገራት። እስከዚያ እንዳላማው ከተማውን መልቀቅ የለበትም። ካመለጠ ሰንሰለቱ በሙሉ ያመልጣል። ምንም እንዳልተፈጠረ ሆነሽ ሂጂ፣ እስክንደርስ አቆዪው አላት። ፊልሙን መቀነቷ ውስጥ ሰፋችው።

በማግስቱ ጠዋት ፎቶ ቤቱ ገባች።

«ጮቄ እንዴት ነበር?»

«ብርድ ነው። ጭጋጉ አላሠራኝም።»

የጮቄውን ፊልም ሰጠችው። መዳፉ ላይ አንከባለለው። ፊልም ወደሚያጥብበት ጨለማ ክፍል አልገባም። ከጎረቤት ሻይ አስመጣላትና ፊት ለፊቷ ተቀመጠ። ዓይኑ አንገቷ ላይ ባበጡት ንክሻዎች ቆየ።

«ጮቄ ላይ ቢንቢ አለ እንዴ?»

እጇ ወደ አንገቷ ሊሄድ ነበር። ከለከለችው።

«የአልጋ ቤቱ ቁንጫ ነው። ሲበላኝ አደረ።»

ሳቀ። ዓይኑ አልሳቀም። ስለ አንሙት የነገርሽኝን ሳጣራ ሰነበትኩ አላት። ልክ ነበርሽ፣ ሰውየው አደገኛ ነው። እንዲያውም ዛሬ ጠዋት ቤቱ ድረስ ሰው ልኬበታለሁ። አሁን መንገድ ላይ ናቸው።

ከዚያ ዓይን ዓይኗን አያት።

ወጥመድ ነው።

ከተነሣች በረሃ እንደነበረች ነገረችው ማለት ነው። ካልተነሣች አንሙት አለቀለት። አምበር ሩቅ አይደለም፤ መኪና ብታገኝ ትደርስ ይሆናል። በሩ ክፍት ነው። ስሙን ለዚህ ሰው ያቀበለችው እሷ ናት።

የሻይ ብርጭቆውን አነሣች።

«ጥሩ አደረግህ» አለች።

እንዳላማው ትከሻው ላላ። ስለ ወረቀት መወደድ፣ ስለ መብራት መጥፋት አወሩ። ሻዩን ጉንጯ ውስጥ እያቆየች ጠጣችው፤ ቶሎ እንዳያልቅ። እየሰማች አልነበረም። በሐሳቧ የአምበርን መንገድ ይዛለች።

ሁለት ሰዎች ገቡና ጉርድ ፎቶ እንፈልጋለን አሉ። እንዳላማው አንድ ዓይነት የወታደር ጫማቸውን አየ። ከዚያ እሷን። እጁ ወደ መሳቢያው ተወረወረ።

መሳቢያውን በጉልበቷ ዘጋችበት። ጣቶቹ ከውስጥ ቀሩ። ሽጉጡን ከገቡት አንዱ አወጣው።

የታዲዮስ ሰዎች በመጡበት መኪና ወደ አምበር ከነፈች። ገና ከመንገዱ ሳትወርድ የለቅሶው ጩኸት ተሰማት።

ለአንሙት ተዝካር የመጣችው ጥቁር ነጠላ ተከናንባ፣ በሌላ ስም ነው። እንዳላማውና ግብረ አበሮቹ ታስረዋል፤ ጥርሱም ጥይቱም ተይዟል። ታዲዮስ አመስግኗት አካባቢውን እንድትለቅ አዝዟታል። ዳሱ ውስጥ ከሴቶቹ ጥግ ተቀመጠች። የአንሙት ሚስት ወለተ ሐዋርያት እንግዳ ፊት አይታ አጠገቧ መጣች።

«ከከተማ ነሽ መሰል?»

«አዎ። መንገደኛ ነኝ፤ ሰምቼ ነው።»

ሴትዮዋ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። ባሏ አንዲት ፎቶ አንሺ ይዞ በረሃ ይወርድ እንደነበር ነገረቻት። ትዕግሥተኛ ልጅ ናት፣ ብርሃን መጠበቅ ታውቅበታለች እያለ ያወራላት ነበር።

«ታውቂያት ይሆን? እንዲያው አንድ ቀን አንሥታው እንደሁ ብዬ ነው። እያየን የምናለቅስበት መልኩ እንኳ የለንም።»

አንሥታዋለች። የመጨረሻው ጠዋት፣ ከጀርባዋ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ወንዙን ሲያይ፣ ሳይነቃባት። በተጠርጣሪነት ነበር ያነሣችው። ፎቶው አዲስ አበባ ከማስረጃው ጋር ታሽጓል። ማንም አያወጣውም።

«አላውቃትም እትዬ» አለች።

ወለተ ሐዋርያት እግዜር ይስጥልኝ ብላት ወደ ሌሎቹ ለቀስተኞች ሄደች። የብርጓል ጥቂት ቆይታ ወጣች። አስፋልቱ ዳር ቆማ አውቶቡስ አስቆመች፤ ከኋላ ወንበር፣ መስኮቱ ሥር ተቀመጠች። ረዳቱ ወዴት እንደምትሄድ ጠየቃት። እስከ መጨረሻው አለችው።