የመጨረሻዎቹ ዐሥር ደቂቃዎች

ትኬት ቆራጯ በሲኒማ ቤቱ ዐሥራ አንድ ዓመት ስትሠራ አንድም ፊልም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አይታ አታውቅም ቢባል ማን ያምናል? እውነቱ ግን ይኸው ነው። ፊልሙ ሲጀምር እሷ በር ላይ ናት፤ ያረፈደውን ሁሉ ትኬት እየቆረጠች፣ ባትሪ እያበራች፣ «በዚህ በኩል፣ ደረጃውን አስተውሉ» እያለች ወንበሩ ድረስ ታደርሳለች። ሊያልቅ ዐሥር ደቂቃ ሲቀረው ደግሞ ተነሥታ የመውጫ በሮቹን መቀርቀሪያ ትከፍታለች፣ መጋረጃውን ትሰበስባለች፣ የመተላለፊያውን መብራት ታበራለች። ለእሷ የሚተርፋት መካከሉ ብቻ ነው። ሰዎች ሲጣሉ ታያለች፣ ለምን እንደተጣሉ አታውቅም። ሲፈላለጉ ታያለች፣ ይገናኙ አይገናኙ አታውቅም። ባልደረቦቿ «ባትሪ» የሚል ስም አውጥተውላት ነበር፤ ለሰው ታበራለች እንጂ ለራሷ አታይም ማለታቸው ነው።

እሱን ያገኘችውም በዚያው ባትሪ ነው።

የዘጠኝ ሰዓቱ ፊልም ላይ፣ በመጨረሻው ረድፍ፣ አንድ ወጣት ጫማውን አውልቆ እግሩን ፊት ለፊቱ ባለው ባዶ ወንበር ላይ ሰቅሏል። ብርሃኑን እግሩ ላይ አሳረፈችበት።

«ወንድሜ፣ እግርህን አውርድ። ይሄ ቤትህ አይደለም።»

«ይቅርታ እህቴ» አለ በሹክሹክታ። «ቆርቆሮ ጠብሶት ነው።»

ባትሪዋን ጠጋ ስታደርግ ውስጥ እግሩ ቀልቶ፣ ውሃ ቋጥሮ አየችው። ልትቆጣ የከፈተችውን አፍ መልሳ ዘጋች።

«ይሁን፣ እንዳለ ተወው» አለችው። «ሰው ከመጣ ግን ታወርዳለህ።»

ሰው አልመጣም። ፊልሙ አልቆ ሕዝቡ ሲወጣ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቃት። ሥራው ዲሽ መስቀል እንደሆነ ነገራት። ጫማ ጣሪያ ላይ ስለሚያንሸራትት በባዶ እግሩ ይወጣል፤ ከሰባት ሰዓት በኋላ ግን ቆርቆሮው ስለሚግል ይወርድና ሲኒማ ቤት ይገባል። ሳቋ አመለጣት።

«ለአገሩ ሁሉ ፊልም ቤቱ ድረስ እያስገባህ፣ አንተ ትኬት ገዝተህ እዚህ ትመጣለህ?»

«ቤት ውስጥ ማን ፊልም ያያል?» አለ። «አንዱ ስልክ ያነሣል፣ አንዱ ድስት ሊያማስል ይነሣል፣ አንዱ ‹ቆይ አቁመው› ይላል። ያስከፋቸውን ቦታ ዘለው ያልፉታል። እዚህ ግን ፊልሙ ማንንም አይጠብቅም። ሁለት መቶ ሰው አንድ ላይ ትንፋሹን ይውጣል። ብቻዬን ከምስቅ ከማላውቀው ሰው ጋር ልሳቅ።» ከዚያ ዞር ብሎ አያት። «ለመሆኑ አንቺ መጨረሻውን ወደድሽው?»

መጨረሻ የሚባል ነገር አይታ እንደማታውቅ ነገረችው። የሚቀልድበት መስሏት ነበር፤ እሱ ግን አዘነ፤ በእውነት አዘነ።

«እንግዲያው እኔ እነግርሻለሁ» አለ።

ነገራትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሳምንት ሦስቴ ይመጣል። ፊልሙ ሲያልቅ እሷ በየወንበሩ ሥር የወደቀውን ስትለቅም እሱ ከኋላዋ እየተከተለ መጀመሪያውንና መጨረሻውን ያወራላታል። በእጁ ያሳያል፣ ድምፁን ይለዋውጣል፣ ፈረስ ካለም ይጋልባል። ታሪኩ ደግሞ ሁልጊዜ በሰላም ያልቃል። የተጣሉት ታረቁ፣ የታመመው ዳነ፣ የተለያዩት ተገናኙ።

«ቆይ እንጂ» አለችው አንድ ቀን፣ መጥረጊያዋን አቁማ። «ተጋቡ ካልክ ሴቶቹ ለምንድን ነው እያለቀሱ የወጡት?»

«የደስታ ነው።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም። አንቺ ደግሞ ስትጠረጥሪ!»

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ አሉ» አለችው፤ ግን ፊቷ በሳቅ በርቶ ነበር።

አንድ ሳምንት ሁለት ትኬት ይዞ መጣ። ከጎኑ ያለውን ወንበር ጃኬቱን አስቀምጦ ያዘላት። «ጫፍና ጫፉን ለእኔ ተዪው፤ መካከሉን ግን ከጎኔ ተቀምጠሽ እዪ» አላት። ተቀመጠች። በጨለማው ውስጥ እጁ እጇን አገኘ፤ ሁለቱም ምንም እንዳልተፈጠረ ሸራውን ማየታቸውን ቀጠሉ። ስለምን ፊልም እንደነበር ዛሬ ብትጠየቅ አንዲት ቃል አታስታውስም።

እናቷ ይህን በሰሙ ጊዜ ፊታቸውን አዞሩ። ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል፤ ብርሃንና ጥላ ይለያሉ እንጂ ፊት አይለዩም። ቀኑን ሙሉ ቴሌቪዥኑ ሥር ተቀምጠው ያዳምጣሉ፤ ልጃቸው ቤት ስትሆን «አሁንስ ምን ሆነ? ማን ገባ?» እያሉ ያደርቋታል። ያለ እሷ ማንም የላቸውም።

«ጣሪያ ለጣሪያ ሲዞር የሚውል ሰው ደግሞ ትዳር ይሆናል?» አሉ። «ድመት እንኳ ሲመሽ ይወርዳል።»

እሱ ግን መጣ። በእጁ ዲሽ፣ በትከሻው የኬብል ጥቅል። ጣሪያቸው ላይ ሰቀለላቸው፤ ሲጨርስ አጠገባቸው ቁጭ ብሎ በቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለውን ሁሉ ለሁለት ሰዓት ተረከላቸው። በሄደ ጊዜ አሮጊቷ «ድምፁስ የጨዋ ልጅ ድምፅ ነው» አሉ።

ሊጋቡ እንደሚፈልጉ በነገሯቸው ቀን ግን እናቷ እንዲህ አሉ፦

«የዓይን ሐኪሙ ወረፋ ሰጥቶኛል። የዓይኔ ሞራ ይገፈፍና ፊቱን ልየው። ልጄን ለማን እንደሰጠሁ ሳላይማ አልድርም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።»

«እማዬ፣ ወረፋው እኮ ገና ዐሥር ወር ነው!»

እሱ ጉልበቷን ነካ አድርጎ ዝም አሰኛት። «እውነትዎን ነው እማማ» አለ። «ልብ ካላየ ዓይን አያይም ይባላል። እርስዎ በሁለቱም ይዩኝ። እኔ እጠብቃለሁ።»

መጠበቅ ጀመሩ። ሲኒማ ቤቱ ግን የሚጠብቅ አልሆነም። ሁለት መቶው ሰው መቶ፣ መቶው አርባ ሆነ፤ አንድ ማክሰኞ በትልቁ አዳራሽ ዘጠኝ ሰው ብቻ ተቀመጠ። ሕዝቡ ቤቱ ተቀምጦ ያያላ። ሁለቱ በረንዳው ላይ ቆመው ሰፈሩን ሲመለከቱ፣ በየጣሪያው ላይ ነጭ ዲሽ አፉን ወደ ሰማይ ከፍቷል።

«ከዚህ እስከዚያ ማዶ ያለውን የሰቀልኩት እኔ ነኝ» አለ ድምፁ ዝቅ ብሎ። «ሥራሽን ያሳጣሁሽ እኔው ነኝ።»

«አንተ ባትሰቅለው ሌላው ይሰቅለዋል። ደግሞ ዲሽ ባትሰቅል እግርህ አይጠበስም፤ እግርህ ባይጠበስ እኔ አላገኝህም። ዝም በል።»

ሲኒማ ቤቱ ሊዘጋ በመጨረሻው ቀን ሥራ አስኪያጁ ራሱ በር ላይ ቆመ። «ዛሬ ትኬቱን የምቆርጠው እኔ ነኝ፤ በሩንም እኔ እከፍታለሁ» አላት። «አንቺ ግቢና ተቀመጪ። ከጫፍ እስከ ጫፍ እዪልኝ።»

በዐሥራ አንድ ዓመት ሥራዋ ለመጀመሪያ ጊዜ የፊልም መጀመሪያ አየች። መብራቱ ቀስ ብሎ ሲደክም፣ ስሞቹ አንድ በአንድ ሲወጡ፣ ልቧ እንደ ተማሪ ልጅ ይመታ ነበር። ፊልሙ አውቶቡስ መናኸሪያ ውስጥ ስለምትጠብቅ ሴት ነው። የምትወደው ሰው «በዚህ ቀን እመጣለሁ፣ ጠብቂኝ» ብሏታል፤ እሷም ሻንጣዋን ይዛ ትጠብቃለች። አውቶቡስ ይመጣል፣ ሌላው ይወርዳል፣ እሱ የለም። ትኬት ቆራጯ የወዳጇን ክንድ ጨምቃ ይዛ ነበር።

ድንገት ራሷን መተላለፊያው ውስጥ ቆማ አገኘችው። እጇ የመውጫው በር መቀርቀሪያ ላይ ነው። ሥራ አስኪያጁ ከጎኗ ቆሞ አፉን ከፍቶ ያያታል። ዐሥር ደቂቃ ሲቀረው ገላዋ ማንንም ሳያማክር ተነሥቶ፣ ወደ ለመደው ቦታ ወስዷታል፤ መጋረጃው ተሰብስቦ፣ የመተላለፊያው መብራት በርቶ አልቋል። ልመለስ ስትል ሙዚቃው አለቀ፣ ጥቂቱ ሰው መውጣት ጀመረ።

ወዳጇ የመጨረሻው ሆኖ ወጣ።

«ተነሥተሽ ሄድሽ እኮ! ወደ መጸዳጃ ቤት መስሎኝ...»

«እግሬ ነው የሄደው» አለች። «እንዴት አለቀ? ሰውየው መጣላት?»

ወለሉን አየ፣ እጆቹን አየ።

«መጣ» አለ። «ዘግይቶ ነው እንጂ፣ መጣ።»

«ታዲያ ዓይንህ ለምን ቀላ?»

«የደስታ ነው።» እጇን ያዘ። «ስንጋባ አንድ ቀን ቤታችን አብረን እናየዋለን። መጋረጃውን እንዘጋለን፣ ስልክ እናጠፋለን። የዚያን ቀን አንቺ በር አትከፍቺም።»

ለእናትየው ሕክምና ሦስት ሳምንት ሲቀረው ክረምቱ በረታ። አንድ ሌሊት ዝናብና ነፋስ ሲደበድብ አድሮ፣ ጠዋት ቴሌቪዥኑ መናገሩን ተወ። አሮጊቷ ስልኩን በዳበሳ ፈልገው ራሳቸው ደወሉለት።

«ልጄ» አሉት፣ «ድምፁ ጠፋብኝ እኮ።»

ልጄ ሲሉት የመጀመሪያቸው ነበር። የሥራው ሕግ አንድ ነው፤ ቆርቆሮ ሳይደርቅ አይወጣም። ለማንም ደንበኛ ይህን ሕግ ጥሶ አያውቅም። ልጄ ላሉት ሰው ግን «እስኪደርቅ ይጠብቁ» ማለት ከአፉ አልወጣም። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ደረሰ።

«ውሃው እስኪደርቅ ቆይ» አለችው መሰላሉን ይዛ።

«አንዴ ነካ አድርጌው እወርዳለሁ። አንቺ ግቢና ቁጥሩን ንገሪኝ።»

ዲሽ ሲስተካከል አንድ ሰው ጣሪያ ላይ ሆኖ ያዞራል፣ አንድ ሰው ቤት ውስጥ ሆኖ ቴሌቪዥኑ ላይ የሚወጣውን የምስል ጥራት ቁጥር እየጮኸ ይናገራል። በመስኮቱ ጮኸች።

«ሃያ!... አርባ!... ተመለሰ፣ ሠላሳ!»

«አሁንስ?»

«አምሳ አምስት!... ሰባ!»

«አሁንስ?»

«ሰማንያ! በቃ፣ ሰማንያ ነው! ተወው!»

መልስ አልመጣም። «እሺ» እስኪላት ጠበቀች። ከበላይዋ ቆርቆሮው ረጅም ድምፅ አሰማ፤ ከዚያ ግቢው ውስጥ አንድ ከባድ ነገር ወደቀ። በዚያችው ቅጽበት የቴሌቪዥኑ ድምፅ ተመለሰና ቤቱ በማታውቃቸው ሰዎች ሳቅ ተሞላ።

እናቷ «መጣልኝ!» አሉ በደስታ። «ተባረክ ልጄ!»

ሆስፒታል ሳይደርስ ሞተ።

በቀብሩ ላይ የት እንደምትቆም የሚነግራት አልነበረም። ሚስቱ አይደለችም፤ በወግ የታወቀች እጮኛም አይደለችም። ዘመዶቹ «ይህች ደግሞ ማን ናት?» ተባባሉ፤ አንዷ «የወደቀበት ቤት ልጅ ናት» ስትል ሰማች። ከሕዝቡ ኋላ ቆማ አለቀሰች።

የሕክምናው ቀን ደረሰና አለፈ። «እማዬ፣ ተነሺ እንሂድ» ብትላቸው እናቷ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ፊቱን ልይበት ነበር» አሉ። «አሁን ምን ልይበት?»

ልጅቱ አንዳንድ ቀን ጠላቻቸው። ያ ዐሥር ወር ባይኖር ሚስቱ ነበረች፤ ያ ስልክ ባይደወል በሕይወት ነበር። ይህን ግን አንድም ቀን ጮኻ አልተናገረችም፤ እሳቸውም በየሌሊቱ ለራሳቸው ሲናገሩት ትሰማ ነበር። ቴሌቪዥኑ ላይ ጨርቅ ጣል ተደረገበት። ወራት አለፉ።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ እናቷ «እባክሽ ክፈቺው» አሉ። «ቤቱ ዝም አለብኝ።»

ጨርቁን አነሣች። ምስሉ ጥርት ብሎ መጣ፤ እሱ ካስተካከለው ወዲህ ያን ዲሽ ንቅንቅ ያደረገው ነፋስ የለም። ጣቢያውን ልትቀይር ስትል አውቶቡስ መናኸሪያ አየች። ሻንጣ የያዘች ሴት።

ቀስ ብላ ተቀመጠች።

«ምንድን ነው?» አሉ እናቷ።

«አንዲት ሴት ሰው ትጠብቃለች።»

ተረከችላቸው። አውቶቡስ ገባ፣ አሮጊት ወረደች፣ ወታደር ወረደ። ድስት አልተጣደም፣ ስልክ አልጮኸም፤ ሁለቱ ሴቶች ትንፋሻቸውን ውጠው ተቀመጡ። ከዚያ ያ የሚታወቃት ሰዓት ደረሰና ጉልበቷ በራሱ ተዘረጋ። ቆመች። እናቷ በዳበሳ ቀሚሷን ያዙ።

«ወዴት ነው?»

«በሩን ልከፍት...»

«ማን ሊወጣ? ቁጭ በይ ልጄ።»

ቁጭ አለች። የመጨረሻው አውቶቡስ ገባ። ሰው ሁሉ ወረደ። ሾፌሩ በሩን ዘጋ፣ መብራቱን አጠፋ፣ ኮቱን ትከሻው ላይ ጥሎ ሄደ። ሴትዮዋ ቆይታ ቆይታ ሻንጣዋን አነሣችና ብቻዋን ወጣች። ማንም አንዲት ቃል አልተናገረም።

አልመጣም።

ዋሽቶኛል አለች በልቧ። ስንቱን መጨረሻ ዋሸኝ? የታረቁት አልታረቁም፣ የዳኑት አልዳኑም፤ እነዚያ ሴቶች እውነታቸውን ነበር ያለቀሱት። ተናደደችበት፤ ከዚያ ናፍቆቱ ደረቷን እስኪያማት ድረስ ወደደችው። ሪሞቱ እጇ ላይ ነበር። ቤት ነውና፣ የዲሹ መቀበያም የሚያልፈውን ስለሚቀርጽ፣ ወደ ኋላ መመለስ ትችላለች፤ ሴትዮዋ ገና ወደምትጠብቅበት፣ ገና ተስፋ ወዳለበት ወደ መካከሉ። ሪሞቱን መሬት ላይ አስቀመጠችው።

«ዝም አለሳ!» አሉ እናቷ። «ምን ሆነ? ሰውየው መጣላት?»

ዞራ አየቻቸው። ሞራ የጋረዳቸው ዓይኖች ወደ ቴሌቪዥኑ ሳይሆን ወደ እሷ ዞረዋል።

«መጣ እማዬ» አለች። «ዘግይቶ ነው እንጂ፣ መጣ።»

«ታዲያ ምን ያስለቅስሻል?»

«የደስታ ነው።»

እናቷ ሌላ አልጠየቁም። ቀሚሷን የያዙበትን እጅ ግን አልለቀቁም።