የሦስት ሰው ጠመንጃ

አራጌ ማሽላው መሃል በጀርባው ተንጋሏል። የጠመንጃው መቀርቀሪያ ወደ ኋላ ተወርውሮ ግንባሩን በርቅሶታል። ያነጣጠረበት ከርከሮ ግን በሰላም አመለጠ።

መርማሪው መቶ አለቃ ገብረ ማርያም ከቆቦ ሲደርስ፣ የአራጌ የአብዮት ጥበቃ ጓዶች «አለቃችንን ገደለ» ብለው ጠመንጃ ሠሪውን ሸረፈዲንን የፊጥኝ አስረውታል። ችኩሎች! ለእነሱ የቀረው መረሸን ብቻ ነው።

«እኔ ለድሃ ብዬ ነው የሠራሁት» አለ ሸረፈዲን። «አፈሙዙ፣ መቀርቀሪያው፣ ሁሉም ይፈታል፤ የአንዱ ለሌላው ይገጥማል። አራጌ፣ ዘይኑዲንና ታረቀኝ አንድ ገዝተው በየተራ ያድኑበታል። ወላሂ፣ የኔ ብረት አይከዳም!»

«ብረቱ ከምንድን ነው?»

«ከመኪና ባሌስትራ። ሞረድ አይበላውም።»

መቶ አለቃው ደም የነካውን መቀርቀሪያ በሞረድ ፈተገው። ሞረዱ በቀላሉ በላው።

ሁለቱን ባለተራዎች ጠራ።

«እኔማ ጁምዓ ዕለት ለታረቀኝ አስረክቤያለሁ» አለ ዘይኑዲን።

«እኔም ትናንት ሁለት ጅግራ ጥዬበት፣ ማምሻውን ለአራጌ በእጁ ሰጠሁት» አለ ታረቀኝ። «ያኔ ደህና ነበር።»

«አራጌ ወንድምህን በቀይ ሽብር ያስገደለው ሰው አይደለም?»

«ሽማግሌ አስታርቆናል።»

ይህን ሲል የታረቀኝ እናት ወይዘሮ ደብሪቱ ከለቀስተኞች ጋር እየሮጡ ደረሱ። ሬሳው እስኪመረመር ጓዶቹ ሞቱን ደብቀውት ቆይተው፣ ጩኸቱ ገና መሰማቱ ነበር። የራያ ፀሐይ ምሕረት የለውም፤ ከፀጉራቸው የቀለጠ ቅቤ ነጠላቸውን አርሶታል። ገብረ ማርያም ትክ ብሎ አያቸው፤ ከዚያ ሁሉንም ግራር ጥላ ሥር ሰበሰበ።

«ይህ መቀርቀሪያ የሸረፈዲን አይደለም። ዋናውን መለኪያ አድርጎ ከለስላሳ ብረት የሠራው ሌላ ሰው ነው። ዘይኑዲን አልለወጠውም፤ ከእሱ በኋላ ጠመንጃው ጅግራ ጥሏል። ቀጥሎ ከታረቀኝ እጅ ወደ አራጌ እጅ ሄደ።»

«አራጌ ራሱ ለውጦት ቢሆንስ?» አለ ታረቀኝ።

«እናትህን ባላይ እኔም እንዲያ እል ነበር። እማማ ደብሪቱ፣ የልጄ ደም ሳይመለስ ቅቤ አልቀባም ብለው መማልዎን አገር ያውቃል። ለእርቁ ሽማግሌ ሲለምንዎት እንኳ እንቢ ብለዋል። መርዶው የተሰማው አሁን ነው፤ ቅቤው ግን ቀድሞ ቀልጧል። አራጌ ዛሬ እንደሚሞት ማን ነገረዎት?»

አሮጊቷ ቀና አሉ። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ልጄ ደግ አደረገ!»

ታረቀኝ ዓይኑን ጨፈነ።

«ይህ ንጹሕ ሰው ባንተ ፈንታ ሊረሸን ነበር» አለው መቶ አለቃው።

«ደሜን ስመልስ ሌላ ሰው አልታየኝም» አለ ታረቀኝ።

ሸረፈዲን የታሰረበት ገመድ ተፈቶ ታረቀኝን አሰሩበት። ጓዶቹ እየገፈታተሩ ሲወስዱት እናቱ እልል ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ፤ ድምፅ ግን አልወጣቸውም። ማሽላው ውስጥ ቁጭ አሉ።

«ትልቁን አራጌ ወሰደብኝ» አሉ፤ «ትንሹን እኔው ሰጠኋቸው።»