የድንጋዩ ማደሪያ ደረጃ

ተማሪዎቹ «ድንጋዩ» በሚሉት የኮሌጁ አሮጌ ማደሪያ፣ የቤቱ ኃላፊ ጋሽ ገብረኪዳን ከደረጃው ሥር ሞተው ተገኙ። ኢንስፔክተር መሠረት ስትደርስ ደብረ ታቦር ከጉና ተራራ በሚወርደው ብርድ ተኮማትራ ነበር። ፋሲል የሚባል ተማሪ ደግሞ በካቴና ታስሮ ጥግ ላይ ተቀምጧል። ማታ ሟቹ ላይ ሲጮህ ተሰምቷላ! ለአንዳንድ ፖሊስ ይኸው ይበቃል።

መሠረት አስከሬኑ ላይ የተጣለውን ነጠላ ገለጥ አድርጋ አየች። ዓይኖቹ ተከድነዋል፤ እግሮቹ ገጥመው ተዘርግተዋል። መልሳ ሸፈነችው።

«ማን አገኛቸው?»

«እኔ ነኝ፣ እመቤቴ» አለች የጽዳት ሠራተኛዋ ዝናሽ። «ጠዋት ልጠርግ ስገባ እንጨት ሆነው ደርቀዋል። ነጠላዬን ጣል አድርጌባቸው እየጮህኩ ወጣሁ።»

«አልነካሻቸውም?»

«ኧረ በማርያም! ፈርቼ!»

«ነጠላውንስ ከኔ በፊት የገለጠ አለ?»

«ማንም። ፖሊሶቹ እርስዎን ነው ሲጠብቁ የነበሩ።»

ፋሲል ከጥጉ ሆኖ ተናገረ። «ማደሪያው ሊዘጋ ነው ሲባል የት ልገባ ነው ብዬ ጮህኩ። እሳቸው ግን ‹እኔ እያለሁ ማንም አይወጣም› ብለው አረጋጉኝ።»

እንዲዘጋ የወሰነው የኮሌጁ ምክትል አስተዳዳሪ ሲሳይ ነው፤ ጋሽ ገብረኪዳን ያሳደጉት የወንድማቸው ልጅ።

«ገሳይ ከተማ ነው ያደርኩት» አለ። «ስደርስ ተሸፍነው ነበር። ፊታቸውን እንኳ አላየሁም።»

መሠረት ሁሉንም ከደረጃው ሥር ሰበሰበቻቸው።

«ከደረጃ ተንከባሎ የሚሞት ሰው እግሩን ገጥሞ አይዘረጋም» አለች። «ሰውነታቸው ሳይደርቅ ያቀናቸው ሰው አለ። ዝናሽ ያገኘቻቸው ደርቀው ነው፤ እሷ አይደለችም። ያ ሰው ታዲያ ለምን ጎረቤት አልጠራም? እጁ ስላለበት ነው። የሚያሳዝነው ግን ዓይናቸውን ረስቶታል። እንደፈጠጠ ደርቋል፤ እንዲሁ ይቀበራሉ።»

ዝናሽ ግራ ገብቷት አፏን ከፈተች፤ ሲሳይ ግን ቀደማት።

«ውሸት ነው! በእጄ ከድኜ…»

እጁን አፉ ላይ ጫነ።

«ፊታቸውን ሳያዩ?» አለች መሠረት።

ሲሳይ ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። «‹ሬሳዬን ተሻግረህ ዝጋው› ብለው ቆሙብኝ። ገፋ ነው ያደረግኋቸው፤ ገፋ ብቻ… አባቴ እኮ ናቸው! ዓይናቸው እንደተገለጠ እንዴት ጥያቸው ልሂድ?»

መሠረት ካቴናውን ከፋሲል እጅ ፈታች። «ለሟቹ ዓይን አዘኑ፤ ይህ ልጅ ግን ዓይንዎ እያየ ሲታሰር ዝም አሉ።»

ሲሳይ እጆቹን ዘረጋላት። «ልጅ የላቸውም» አለ ቀስ ብሎ። «አፈር የማለብሳቸው እኔ ነበርኩ።»

«እኛ አለን» አለ ፋሲል የእጁን አንጓ እያሻሸ።